«ቻርጅ»፦ ከስልክ ባትሪ እስከ ፍርድ ቤት

አዲስ አበባ ሳለሁ «ቻርጅ» የሚለው ቃል ከስልክ ባትሪ ያለፈ ትርጉም ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። መብራት ሲጠፋ «ቻርጄ አለቀ» እንላለን፤ ሲመጣ ሶኬት ፍለጋ እንሯሯጣለን፤ ነገሩ በዚሁ ያበቃል። ወደ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ግን ይኸው ቃል በቪዛ ሰነድ፣ በሆስፒታል ወረቀት፣ በባንክ ደብዳቤ፣ ብሎም ስሜ በተጻፈበት የፍርድ ቤት መጥሪያ ላይ እየተመላለሰ ገጠመኝ፤ በየቦታውም የሚያስከትለው ነገር የተለየ ነበር። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ በሰሜን ቨርጂኒያ የምኖር ሹፌር ነኝ። ቃሉን በአንድ ፍቺ ብቻ የሚያውቅ ሰው ገንዘቡን፣ ጤናውን፣ አንዳንዴም የመኖሪያ ፈቃዱን አደጋ ላይ ሊጥል እንደሚችል ስላየሁ፣ ከእኔ በኋላ ለሚመጡት ያጋጠመኝን በቅደም ተከተል ልጽፍ ወሰንኩ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ያገኘሁት ገና ከአገር ሳልወጣ፣ ዲቪ ስሞላ ነበር። ዲቪ በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የተፈጠረ ፕሮግራም ሲሆን በዓመት እስከ 55,000 ቪዛ ይመደብለታል፤ ከዚህም ውስጥ አንድ አገር ብቻውን ከ7 በመቶ በላይ መውሰድ አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቪዛ በአንድ አገር ድርሻ ላይ መመዝገብና ከዚያ ድርሻ ላይ መቀነስ አለበት። በመመሪያው «ቻርጀቢሊቲ» የሚባለው ይህ ነው፤ የክፍያም የዜግነትም ጉዳይ ሳይሆን ቪዛው በየትኛው አገር ሂሳብ ይያዝ የሚል ጥያቄ ነው፤ መልሱም በመሠረቱ የትውልድ ቦታ ነው። አብሮኝ ይሞላ የነበረ የሰፈሬ ልጅ አሥመራ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ነበር። ኤርትራ በ1993 ነፃ አገር ከመሆኗ በፊት ስለተወለደ ያለ ምንም ጥርጣሬ «ኢትዮጵያ» ብሎ ሊሞላ ነበር። ፎርሙ ግን የትውልድ አገርን የሚጠይቀው ዛሬ በሚጠራበት ስም ስለሆነ፣ ሌላ ምክንያት ካልቀረበ በስተቀር የእርሱ ድርሻ የሚቆጠረው በኤርትራ ላይ ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በባል ወይም በሚስት የትውልድ አገር መጠቀም ነው። ሁለተኛው፣ ልጁ ሲወለድ አባትም እናትም በዚያ አገር ያልተወለዱና ነዋሪ ያልነበሩ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለሥራ ለጊዜው ተመድበው ሄደው ከነበረ፣ ከሁለት አንዳቸው በተወለዱበት አገር መጠየቅ ነው። አባቱ አሥመራ ተመድቦ ሳለ የተወለደ ሰው በአገራችን ጥቂት ስላልሆነ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። በዚህ ክፍል የተፈጠረ ስህተት ሲሞላ ድምፅ አያሰማም፤ ዕጣው ወጥቶ፣ የሕክምና ምርመራ ተከፍሎ፣ ቃለ መጠይቁ ላይ ነው የሚጥለው።

በዚያው ሰሞን «ፐብሊክ ቻርጅ» የሚል ነገር መጣ። ፎርም የሚሞላልን ልጅ «የመንግሥት ክፍያ አለ ማለት ነው» ሲል አስረዳን፤ ገንዘብ ማጠራቀም የጀመሩም ነበሩ። ነገሩ ሌላ ነው። በ1882 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ራሱን ማስተዳደር የማይችልና በመንግሥት ትከሻ ላይ የሚወድቅ ሰው እንዳይገባ ይከለክል ነበር፤ ሐረጉ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ በሕጉ ውስጥ ይኖራል። ቆንስላው ስፖንሰር፣ የባንክ ደብተር ወይም የሥራ ችሎታ ማስረጃ የሚጠይቀው አመልካቹ ሸክም እንደማይሆን ለማረጋገጥ ነው። እዚህ ላይ «ቻርጅ» ሰውየው ራሱ ነው። ይህን ያወቀ አመልካች ገንዘብ ይዞ መቅረብ ብቻ ሳይሆን ሙያውንና ትምህርቱን አብራርቶ መቅረብ እንዳለበት ይገባዋል።

አሜሪካ ከገባሁ በኋላ የመጀመሪያ ሥራዬ የመኪና ማቆሚያ ነበር። አንድ ምሽት ቆጣ ያለ ደንበኛ መጥቶ «ሁ ኢዝ ኢን ቻርጅ ሂር?» ሲል የሥራ ባልደረባዬ በትሕትና «ቴን ዶላርስ» አለው። ሰውየው የጠየቀው ኃላፊው ማን እንደሆነ ነበር። ሳቅንበት፤ እኔም ቃሉ ዋጋና ኃላፊነት ማለት እንደሆነ ይዤ ትምህርቱን የጨረስኩ መሰለኝ።

ከዚያ መጥሪያው መጣ። ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ አድርሼ ሌሊት ስመለስ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 55 ማይል በሆነበት አውራ ጎዳና ላይ በ77 ስነዳ ፖሊስ አስቆመኝ። ፖሊሱ በትሕትና አነጋገረኝ፣ ቢጫ ወረቀት ላይ አስፈረመኝ፣ በሰላም ግባ ብሎ ሸኘኝ። ወረቀቱ ከተራ የትራፊክ ቅጣት ወረቀት ብዙም አይለይም፤ መሐሉ ላይ ግን «ቻርጅ» ይልና ከፊቱ «ሬክለስ ድራይቪንግ»፣ ማለትም ግድ የለሽ አነዳድ፣ ተጽፎበታል። በማግስቱ አሥር ዓመት የቆዩ፣ ሁላችንም የምናማክራቸው አንድ ታላቅ ወንድማችን ወረቀቱን አገላብጠው ካዩ በኋላ «ቻርጁን ኦንላይን ክፈልና ተገላገል» አሉኝ። የሚከፈለውን መጠን አብረን ፈለግን። የለም። የፍርድ ቤቱን ጽሕፈት ቤት ደውዬ «ቻርጁ ስንት ነው?» ብዬ ስጠይቅ የስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ያለችው ሴት ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ በቀስታ፣ የሚከፈል ነገር እንደሌለና በተባለው ቀን ዳኛ ፊት መቅረብ ግዴታዬ እንደሆነ ነገረችኝ።

በቨርጂኒያ ሕግ ከፍጥነት ወሰኑ በላይ በ20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ መንዳት፣ ወይም ወሰኑ ስንትም ይሁን ስንት ከ85 ማይል ማለፍ፣ ግድ የለሽ አነዳድ ተብሎ የአንደኛ ክፍል ቀላል ወንጀል ነው። ጣሪያው እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጫ ይደርሳል፤ በመንጃ ፈቃድ መዝገብ ላይ 6 የቅጣት ነጥብ አስመዝግቦ ለ11 ዓመት ይቆያል። በሕይወቱ በየቀኑ መሪ ለሚይዝ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልዘረዝርም። መጥሪያውን ቅጣት ነው ብሎ ችላ ያለ ሰው በሌለበት ሊፈረድበት ወይም የመያዣ ትእዛዝ ሊወጣበት ይችላል። በነገራችን ላይ፣ መጥሪያው ላይ መፈረም እቀርባለሁ ብሎ ቃል መግባት እንጂ ጥፋትን ማመን አይደለም፤ አንዳንድ ወገኖቻችን «አልፈርምም» ብለው ነገሩን ሲያባብሱ ሰምቻለሁ።

በዚያ ሳምንት ወረቀቱን ይዤ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት በነፃ ወደሚሰጠው የማታ የእንግሊዝኛ ክፍል ሄድኩ። መምህራችን፣ ጡረታ የወጡ አዛውንት፣ ቃሉን ሰሌዳ ላይ ጻፉና ከየት እንደመጣ ነገሩን። መነሻው ጋሪን የሚያመለክት የላቲን ቃል ነው፤ ከዚያ ጋሪ ላይ መጫን የሚል ግሥ ወጣ፤ ግሡም በፈረንሳይኛ አልፎ እንግሊዝኛ ገባ። እኛ ሳንተረጉም የምንጠራቸው «ካር» እና «ካርጎ» የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። እንግዲህ ሥሩ መጫን ነው። ባትሪ ላይ ኃይል ይጫናል፤ ጠመንጃ ይጎርሳል፤ ደንበኛ ላይ ሂሳብ ይጫናል፤ ሠራተኛ ላይ ኃላፊነት ይጫናል፤ ተከሳሽ ላይ ክስ ይጫናል። አምባሳደር በሌለበት ኤምባሲን የሚመራውን ሰው በዜና «ጉዳይ ፈጻሚ» የምንለው፣ በፈረንሳይኛው «ሻርዤ ዳፌር» የሚባለውም ጉዳይ የተጫነበት ማለት ነው። ጎሽ ወይም ፈረሰኛ ጦር ተንደርድሮ ሲመጣም በዚሁ ቃል ይጠራል፤ እርሱ ግን በደብዳቤ ስለማይመጣ ብዙ አላስጨነቀኝም።

ከሁሉም የጠቀመኝ ቀጥለው ያሉት ነው። ቃሉን ብቻውን አታንብቡት፤ አጠገቡ የቆሙትን ትንንሽ ቃላት ተመልከቱ፣ ከዚያም ማን በማን ላይ ምን እንደጫነ ጠይቁ አሉን። «ቻርጅድ ዊዝ» ካለ በአብዛኛው ክስ ነው፤ አንዳንዴ ግን ኃላፊነት መሰጠት ሊሆን ስለሚችል ከኋላው የመጣውን ስም ማየት ነው፤ ወንጀል ነው ወይስ ሥራ? «ቻርጅ ፎር» ካለ ዋጋ ነው። «ኢን ቻርጅ ኦፍ» ካለ ባለሥልጣኑ ዐረፍተ ነገሩን የጀመረው ሰው ነው፤ መሐሉ ላይ «ዘ» ገብታ «ኢን ዘ ቻርጅ ኦፍ» ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና ያ ሰው በሌላው ጥበቃ ሥር ያለ ይሆናል። «ፍሪ ኦፍ ቻርጅ» ካለ በነፃ ነው። ደብተሬ ላይ እንደጻፍኩት እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ።

ጠበቃ ያዝኩ። አቅም ያለው ሁሉ በወንጀል ክስ ብቻውን እንዳይቀርብ እመክራለሁ፤ በተለይ ዜጋ ካልሆነ። ጠበቃዋ ከቀጠሮው በፊት ሦስት ነገር አስደረገችኝ፦ የመኪናዬን የፍጥነት መለኪያ በጋራዥ አስመርምሬ ወረቀት አመጣሁ፣ የ8 ሰዓቱን የአነዳድ ማሻሻያ ትምህርት ወሰድኩ፣ የመንጃ ፈቃድ መዝገቤን አወጣሁ። ይህ ሁሉ ዳኛን አያስገድድም፤ ነገር ግን ክሱ እንዲቀል ለመጠየቅ መሠረት ይሆናል።

በቀጠሮው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከጎኔ አንድ የአገራችን አባት ነጭ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። የፍርድ ቤቷ ሠራተኛ አስተርጓሚ የሚፈልጉትን ስትመዘግብ እርሳቸው ጋ ደረሰችና «ዜር ኢዝ ኖ ቻርጅ» አለቻቸው፤ በቨርጂኒያ በወንጀል ጉዳይ እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ የሚመደበው በነፃ ነው። እርሳቸው ግን «ክስ የለብህም» የተባሉ መስሏቸው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው ተነሡና ወደ በሩ አመሩ። ሮጬ ክንዳቸውን ይዤ «አባቴ፣ ይቀመጡ፣ አስተርጓሚው ገንዘብ አይጠይቅም ነው ያለችው» አልኳቸው። ሰውነቴ የቀዘቀዘው የራሴ ስም ሲጠራ ሳይሆን ያን ጊዜ ነው። በሩን አልፈው ቢወጡ ኖሮ እንዳልቀረቡ ይመዘገብ ነበር።

እኔም እንግሊዝኛዬ ለሥራ ቢበቃኝም አስተርጓሚ ጠይቄ ነበር፤ እናንተም አትፈሩ። አስተርጓሚው የዳኛዋን ጥያቄ «የተከሰሱበትን ወንጀል ፈጽመዋል ወይስ አልፈጸሙም?» ብሎ ሲያቀርብልኝ «ወንጀል» የሚለው ቃል በአማርኛ ሲነገር ከእንግሊዝኛው ይልቅ ከበደኝ። ጠበቃዬ ግን አስቀድማ ነግራኝ ነበር፤ ክስ ጥርጣሬን በጽሑፍ ማቅረብ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ የማስረዳት ሸክሙም የከሳሹ ነው። ዳኛዋ ወረቀቶቼን ካዩ በኋላ ክሱን ወደ ተራ የፍጥነት ጥፋት ዝቅ አደረጉልኝ፤ መቀጫ ከፍዬ ወጣሁ። ገንዘቡ የተጠየቀው ያኔ ነው፤ እርሱም «ፋይን» (መቀጫ) እና «ኮስትስ» (የፍርድ ቤት ወጪ) ይባላል እንጂ ቻርጅ አይባልም።

ከዚህ ጋር የሚሄዱ ሁለት ነገሮችን ሳልናገር አላልፍም። በቤተሰብ ጠብ ጊዜ ፖሊስ ጠርተው ኋላ «ክሱን አንስቻለሁ» የሚሉ ሰዎች አሉ። በአሜሪካ የወንጀል ክስ የመንግሥት ነው፤ የተበዳዩ ሐሳብ ይሰማል እንጂ ክሱን የሚያነሣው ዐቃቤ ሕጉ ነው። ሁለተኛው ጥገኝነት የጠየቁ ወገኖችን ይመለከታል። የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ አውጥቶ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት እንዲቀርቡ የሚጠራበት «ኖቲስ ቱ አፒር» የተባለው ሰነድ ውስጥም ቻርጅ አለ። እርሱ ከአገር ለመባረር የሚያበቃ ምክንያት አለብህ የሚል የፍትሐ ብሔር ክስ ነው፤ ወንጀለኛ ነህ ማለት አይደለም። ሆኖም በመጀመሪያው ቀጠሮ እያንዳንዱን ነጥብ ማመን ወይም መካድ ስለሚጠየቅ፣ ጠበቃ ሳያየው «አዎ፣ አዎ» ብሎ ማለፍ ትልቅ ጉዳት አለው።

የመምህሩን ዘዴ ከያዝኩ በኋላ ጎረቤቶቼ ደብዳቤ ይዘውልኝ መምጣት ጀመሩ። እማማ የምንላቸው ጎረቤታችን የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና አድርገው ከሆስፒታል ሲወጡ «ዲስቻርጅ» የሚል ርዕስ ያለው ወረቀት ተሰጣቸው። ልጃቸው የመውጫ ወረቀት መሆኑን አውቆ ኪስ ውስጥ ከተተው፤ ትክክል ነው፣ ሸክም ማውረድ፣ ማሰናበት ማለት ነው። ከታች ግን «ከቁስሉ ዲስቻርጅ ካዩ ይደውሉ» የሚል መስመር ነበር፤ እዚያ ላይ ቃሉ ከቁስል የሚወጣ ፈሳሽ ነው። ልጁ «ከወጡ በኋላ ይደውሉ» ብሎ ተረድቶት ኖሯል። ቁስሉ መግል መያዙን ያየነው ወረቀቱን አብረን ስናነብ ነው፤ ያንኑ ቀን ደወልን፣ መድኃኒት ታዘዘላቸው። በዎርድ ውስጥ «ቻርጅ ነርስ» ሲባል ደግሞ ሂሳብ የምትሰበስብ ነርስ አይደለችም፤ የፈረቃው ኃላፊ ናት፤ ቅሬታ ካላችሁ የምትጠሩት እርሷን ነው። ከኢንሹራንስ በሚመጣው ወረቀት ላይ የሚታየው «ቻርጅስ» የተባለ አስደንጋጭ ቁጥርም ሆስፒታሉ በዝርዝሩ ያስቀመጠው ዋጋ ነው። ወረቀቱ ራሱ «ይህ ሂሳብ መጠየቂያ አይደለም» ይላል፤ የእናንተ ድርሻ የሚነበበው በሌላ መስመር ነው።

በሥራ በኩል ደግሞ «ዲስቻርጅድ» ማለት የተባረረ ነው፤ ሥራ ስለጠፋ የተቀነሰ ሰው «ሌይድ ኦፍ» ይባላል። የሥራ አጥ ድጎማ ማመልከቻ ላይ ሁለቱን ያምታታ ሰው ያለ ጥፋቱ ሲከራከር ይከርማል።

በጣም ያሳዘነኝ የአንድ ጓደኛዬ ነገር ነው። ከታመመ በኋላ የክሬዲት ካርድ ዕዳውን ለወራት ሳይከፍል ቆይቶ ሂሳቡ «ቻርጅድ ኦፍ» ሆኗል የሚል ደብዳቤ ደረሰው። «ኦፍ» ስላለ ዕዳው የወረደለት መሰለውና ሻይ ጋበዘን። የካርድ ዕዳ 180 ቀን ሳይከፈል ሲቀር ባንኩ በራሱ መዝገብ ውስጥ እንደ ኪሳራ ይይዘዋል፤ የወረደው ከባንኩ የሀብት መዝገብ ላይ እንጂ ከተበዳሪው ጫንቃ ላይ አይደለም። ዕዳው ለሰብሳቢ ድርጅት ሊሸጥ ይችላል፣ ፍርድ ቤትም ሊያስኬድ ይችላል፣ በክሬዲት መዝገብ ላይ 7 ዓመት ይቆያል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከመድረሱ በፊት ባንኩን ደውሎ የችግር ጊዜ አከፋፈል መጠየቅ ይሻላል። በተቃራኒው የማታውቁት ቻርጅ በካርዳችሁ መግለጫ ላይ ካያችሁ፣ መግለጫው በተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ተቃውሞ ማቅረብ በሕግ የተሰጠ መብት ነው፤ ያለ ፈቃዳችሁ ለተወሰደው ገንዘብም በክሬዲት ካርድ የሚኖርባችሁ ኃላፊነት ከ50 ዶላር አያልፍም።

ጊዜው ደርሶ የዜግነት ማመልከቻውን፣ ኤን-400ን፣ ስሞላ ቃሉ እንደገና ፊቴ ቆመ። እኔ በሞላሁት እትም ጥያቄዎቹ ለየብቻ ነበሩ፦ ተይዘህ ወይም መጥሪያ ተሰጥቶህ ያውቃል? ተከሰህ ታውቃለህ? ተፈርዶብህ ያውቃል? እኚያው ታላቅ ወንድማችን «ክሱ ወርዶልህ የለ፣ ሁሉንም አይ በል» አሉኝ። ዝቅ የተደረገ ክስ ግን ከመጀመሪያው ክስ ነበር፤ መመሪያውም መዝገቡ ቢዘጋ ወይም ቢሰረዝ እንኳ «አዎ» ብላችሁ መልሱ ይላል። እዚህ ቦታ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ የትራፊክ ጥፋቱ ሳይሆን እውነቱን አለመናገር ነው፤ በመሐላ የተሰጠ የሐሰት ቃል ለዜግነት የሚያስፈልገውን የመልካም ጠባይ መስፈርት ያሳጣል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች «አዎ» ብዬ ቀኑን፣ ቦታውንና ውጤቱን ጻፍኩ፤ ሦስተኛውን ከጠበቃዬ ጋር ተማክሬ ሞላሁ። በቃለ መጠይቁ ላይ መኮንኗ ስለ ክሱ ስትጠይቀኝ ክሱ ምን እንደነበረ፣ ወደ ምን እንደተቀየረና መቀጫው መከፈሉን በሦስት ዐረፍተ ነገር ነገርኳት፤ ማኅተም ያለበትን የፍርድ ቤት ውሳኔ ግልባጭ ሰጠኋት፤ አይታ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

ያን ግልባጭ ጉዳያችሁ በተዘጋ ሰሞን አውጡት። ጽሕፈት ቤቱ ሄዳችሁ የተረጋገጠ የውሳኔ ግልባጭ ስትሉ ይገባቸዋል፤ ሁለት ወይም ሦስት አስወጡ፣ አንዱን ከፓስፖርታችሁ ጋር አኑሩት። ፍርድ ቤቶቹ የትንንሽ ጉዳዮችን መዝገብ ለዘላለም አያስቀምጡም፤ ከዓመታት በኋላ ስትጠይቁ ተወግዶ ከሆነም መዝገቡ አለመኖሩን የሚገልጽ ደብዳቤ በጽሑፍ ተቀበሏቸው።